መምሰልና መዛመድ፤ የኮሪያን የታሪክ ድራማዎች ለተመልካች ስለ መምረጥ

የኮሪያ ስም ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። በ1951 የቃኘው ሻለቃ ወደዚያች አገር ዘምቶ ስለ ነበር፥ አባቶቻችን ኮሪያን የሚያውቋት በጦር ሜዳዋ ነው። የኛ ዘመን ወጣት ግን ኮሪያን በይበልጥ የሚያውቃት በተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማዋ ነው። አንዱን ድራማ የጨረሰ ሰውም ወዲያው «ይህን የሚመስል ሌላ የቱ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ ቀላል መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን የታሪክ ተማሪ ሊያስብበት የሚገባ ጥያቄ መሆኑን በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እሞክራለሁ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ።

ጽሑፉን ለመጻፍ ያነሣሣኝ አንድ የራሴ ስሕተት ነው። እኛ እትዬ እያልን የምንጠራቸው አንዲት ጐረቤታችን እግራቸውን ታመው ክረምቱን ከቤት በዋሉ ጊዜ፥ ልጃቸው ከሥር የሚጻፈውን እንግሊዝኛ እየተረጐመችላቸው «ዴ ጃንግ-ግም» የተባለውን ድራማ 54ቱንም ክፍል አይተው ጨረሱ። ከዚያም እኔን አስጠርተው «እንግዲህ ይህን የሚመስል ሌላ ፈልግልኝ» አሉኝ። እኔም ብዙ ሳላስብ በ2012 የታየውን «ፀሐይን ያቀፈች ጨረቃ» የተባለውን ድራማ ሰጠኋቸው። ያም ይህም ቤተ መንግሥት አለበት፤ ያም ይህም ተንኰል የሚጐነጐንባት ልጅ አለችበት፤ ልብሱም፥ ቤቱም፥ የንጉሡም ዙፋን ያው ነው። ጥቂት ክፍል ካዩ በኋላ ግን መልሰው አስጠሩኝና «ልጄ፥ እኔ የፈለግሁት ሥራ የምትማር ልጅ ነበር፤ አንተ ያመጣህልኝ ፍቅር የያዛት ልጅ ነው» አሉኝ። ቀጥለውም «ለመሆኑ ያቺ የፊተኛዋ ልጅ በእውነት የነበረች ናት ወይስ ፈጠራ ናት?» ብለው ጠየቁኝ።

በመጀመሪያው ቃላቸው አፈርሁ፤ ለሁለተኛው ጥያቄያቸው ደግሞ መልስ አጣሁ። ሁለቱን ነገሮች ነጣጥዬ ሳስብ ከቈየሁ በኋላ አንድ ነገር ተገለጸልኝ። ይኸውም የመጀመሪያውን ስሕተት የሠራሁት ሁለተኛውን ጥያቄ ራሴን ጠይቄ ስለማላውቅ መሆኑ ነው። አንድ ድራማ ከየት እንደ መጣ ያላወቀ ሰው፥ ዘመዱ የቱ እንደ ሆነም ሊያውቅ አይችልም።

፩፤ መልክና ዘር

ሁለት ሰዎች በመልክ ቢመሳሰሉ ወንድማማች ናቸው አይባልም፤ ሁለት ወንድማማችም በመልክ ጨርሶ ላይመሳሰሉ ይችላሉ። ወንድማማችነት የሚታወቀው በአባትና በእናት ነው። የጥንት የብራና መጻሕፍትን የሚመረምሩ ሊቃውንትም ሁለት ቅጂዎች ዘመዳሞች መሆናቸውን የሚያውቁት በሽፋናቸው ወይም በሐረጋቸው ሳይሆን፥ ከየትኛው ቅጂ እንደ ተገለበጡ በመመርመር ነው። ድራማንም እንዲሁ አድርጎ መመርመር ይቻላል ብዬ አምናለሁ።

ለዚህም ሦስት ነገሮችን መጠየቅ በቂ ሆኖ ይታየኛል። አንደኛ፥ ድራማው የተሠራው በማን እጅ ነው? ሁለተኛ፥ የቆመው በየትኛው መዝገብ ላይ ነው? መዝገቡስ የት ላይ አልቆ ፈጠራው የት ላይ ይጀምራል? ሦስተኛ፥ ድራማው ስለ ሰው ሕይወት የሚጠይቀው ጥያቄ ምንድር ነው? ቤተ መንግሥቱ፥ መርዙ፥ ሐር ልብሱና ፈረሱ የመልክ ነገር ነው፤ እነዚህ ሦስቱ ግን የዘር ነገር ናቸው። ከመዝገቡ እንጀምር።

፪፤ ንጉሥ የማያነበው መዝገብ

ከፍ ብለው የተጠቀሱትና ከዚህ በታች የምናነሣቸው አብዛኞቹ ድራማዎች የሚተርኩት በ1392 ስለ ተመሠረተው ስለ ጆሶን መንግሥት ነው። ይህ መንግሥት ሲሎክ የሚባል ዜና መዋዕል ነበረው። መዝገቡ ከ1392 እስከ 1863 ያለውን የ472 ዓመት፥ የ25 ነገሥታት ታሪክ የያዘ ሲሆን በ888 መጻሕፍት ተከፋፍሎ ይገኛል። በ1997 ዩኔስኮ የዓለም መታሰቢያ መዝገብ ብሎ ከመዘገባቸው ቅርሶች ውስጥ ገብቷል።

የዚህ መዝገብ አሠራር ሊደነቅ የሚገባው ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች በየዕለቱ ንጉሡ በሚቀመጥበት ሸንጎ ተገኝተው የተባለውንና የተሠራውን ይጽፋሉ። መዝገቡ የሚቀናበረው ግን ንጉሡ ከሞተ በኋላ ነው፤ በሕይወት ያለ ንጉሥ ስለ ራሱ የተጻፈውን እንዲያነብ አይፈቀድለትም። ሥራው ካለቀ በኋላም የመጀመሪያው ረቂቅ በወንዝ ውኃ ታጥቦ ቀለሙ ይለቅ ነበር። በ1404 ንጉሥ ቴጆንግ አደን ወጥቶ ሳለ ከፈረስ ወደቀ፤ ወዲያውም ይህን ነገር የታሪክ ጸሐፊው እንዳይሰማ ብሎ አዘዘ። መዝገቡ ግን መውደቁንም፥ እንዳይጻፍ ማዘዙንም አንድ ላይ ጽፎት ይገኛል።

ይህ ሥርዓት ያለ ደም የቆመ አይደለም። በ1498 ንጉሥ ዮንሳንጉን የረቂቁን ጽሑፍ አስመጥቶ ባየ ጊዜ፥ ኪም ኢል-ሶን የተባለው የታሪክ ጸሐፊና ባልንጀሮቹ በጻፉት ምክንያት ተገድለዋል። በ1592 ጃፓን ኮሪያን በወረረ ጊዜም በአራት ቤተ መጻሕፍት ተከፍሎ ይቀመጥ ከነበረው መዝገብ ሦስቱ ተቃጥለው፥ የጆንጁ ከተማው ቅጂ ብቻ ወደ ተራራ ሸሽቶ ዳነ። እንግዲህ አንድ ድራማ «በታሪክ ላይ የተመሠረተ» በሚባልበት ጊዜ፥ የተመሠረተው ሰዎች በሞቱለት ጽሑፍ ላይ መሆኑን መርሳት አይገባም።

መዝገቡ የተጻፈው በቻይና ፊደል ስለ ሆነ ብዙው የኮሪያ ሕዝብ ሊያነበው አይችልም ነበር። በደቡብ ኮሪያ ወደ ዛሬው የኮሪያ ቋንቋ ተተርጕሞ የተፈጸመው በ1993 ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላም በኮምፒዩተር ሊፈለግ እንዲቻል ሆኖ ተዘጋጀ። በእኔ አስተያየት ይህ ነገር ለድራማው ታሪክ ትልቅ መለወጫ ነው። ቀድሞ መዝገቡን የሚያገላብጥ ሰው የሚፈልገው ነገሥታቱንና ንግሥቶቹን ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ስማቸው በጥቂት ቦታ ብቻ የተነሣውን ትንንሽ ሰዎች ፈልጎ ማግኘት ቀላል ሆነ።

፫፤ የአንድ አዘጋጅ ልጆች

ሊ ብዮንግ-ሁን የተባለው አዘጋጅ ለዚህ ለውጥ ጥሩ ምስክር ነው። ይህ ሰው ከ1983 እስከ 1990 በኤምቢሲ ቴሌቪዥን «የጆሶን መንግሥት አምስት መቶ ዓመት» በተባለው ሰፊ ሥራ ላይ ተሰማርቶ ነበር፤ ይህም ሥራ ነገሥታቱን በየተራ እያነሣ የሚተርክ ነው። በ1999 ግን «ሆ ጁን» የተባለውን ድራማ አቀረበ፤ ባለታሪኩም ንጉሥ ሳይሆን ሐኪም ነው። ደራሲው ቼ ዋን-ግዩ ሲሆን ድራማው 64 ክፍል አለው፤ ተመልካቹም በበዛበት ጊዜ ከመቶው ከ60 በላይ ደርሶ ነበር።

ሆ ጁን በእውነት የነበረ ሰው ነው። በ1539 ተወልዶ በ1615 ሞተ። አባቱ መኳንንት ቢሆንም እርሱ የእቁባት ልጅ ስለ ነበር በጆሶን ሕግ ወደ ከፍተኛው ማዕርግ የሚያደርሰው መንገድ የተዘጋበት ነበር። በ1592 ወረራ ንጉሥ ሶንጆ ወደ ሰሜን ሲሸሽ አብሮት ሄደ፤ በ1596 የሕክምና መጽሐፍ እንዲያዘጋጅ ታዘዘ። በ1608 ንጉሡ ሲሞት ሐኪሙ ተወቅሶ ተጋዘ፤ ይሁን እንጂ ሥራውን ሳያቋርጥ «ዶንግዊ ቦጋም» የተባለውን ባለ 25 ክፍል መጽሐፍ በ1610 ፈጸመ። መጽሐፉ በ1613 ታተመ።

እስከዚህ ድረስ መዝገብ ነው። በድራማው ውስጥ ሰውን ሁሉ የሚያስለቅሰው ግን ሌላ ቦታ ነው። ይኸውም ዩ ዊ-ቴ የተባለው አስተማሪ ሊሞት ሲል፥ ተማሪው የሰውን የውስጥ አካል እንዲማርበት ሬሳውን የሚሰጥበት ነው። ይህ ከመዝገብ የተገኘ አይደለም፤ ሊ ኡን-ሶንግ የተባለው ደራሲ ከጻፈውና ከሞተ በኋላ በ1990 ከታተመው ልብ ወለድ የተወሰደ ነው። ልብ ወለዱ ግን በጣም ከመወደዱ የተነሣ ብዙ ሰው እንደ ታሪክ ተቀብሎታል።

ከዚህ በኋላ ወደ ጃንግ-ግም እንመለስ። «ዴ ጃንግ-ግም» የታየው ከ2003 እስከ 2004 ነው፤ አዘጋጁ ያው ሊ ብዮንግ-ሁን፥ ደራሲዋ ኪም ዮንግ-ህዮን ናት። ጃንግ-ግም የምትባል ሴት በእርግጥ ነበረች። በጆሶን ሴቶች ሐኪሞችን ማሠልጠን የተጀመረው በ1406 ሲሆን፥ እነዚህ ሴቶች የሚመረጡት ከመንግሥት ባሮች ወገን ነበር። መዝገቡ ጃንግ-ግምን ዐሥር ጊዜ ያህል ያነሣታል። በ1515 ንግሥቲቱ ወልዳ በሞተች ጊዜ ሹማምንቱ ይህች ሐኪም ትቀጣ ብለው ጠየቁ፤ ንጉሥ ጁንግጆንግም አልፈቀደም። በ1522 የንጉሡን እናት አክማ ሩዝና ባቄላ ተሸለመች። በ1524 «ዴ» ማለትም «ታላቂቱ» ከሚል ስም ጋር ተጠርታ የንጉሡ አካሚ ሆነች። በ1544 ንጉሡ ሊሞት በተቃረበበት ወራት ደግሞ ሕመሙን የምታውቀው ሴቲቱ ሐኪም እንደ ሆነች መናገሩ ተጽፏል። ከዚያ ወዲህ ስሟ አይገኝም።

የተጻፈው ይህ ብቻ ነው። አባቷና እናቷ እነማን ነበሩ? የት ተወለደች? መቼስ ሞተች? መዝገቡ ዝም ይላል። በቤተ መንግሥቱ ወጥ ቤት ስለ ማገልገሏም የተጻፈ ነገር የለም። ከ54ቱ ክፍል ግማሽ ያህሉን የያዘው የወጥ ቤቱ ታሪክ፥ መምህርቷ እመቤት ሃንና የእርሷ ባላጋራ እመቤት ቼ፥ ልጅቱ የምላሷ ጣዕም ጠፍቶባት በእጇና በልቧ ምግብ መሥራት የተማረችበት ክፍል፥ ይህ ሁሉ የደራሲዋ ፈጠራ ነው።

አሁን «ሆ ጁን»ንና «ዴ ጃንግ-ግም»ን አጠገብ ለአጠገብ ብናስቀምጣቸው ዝምድናቸው ግልጥ ይሆናል። አንዱ የወንድ፥ አንዱ የሴት ታሪክ ነው፤ አንዱ በወጥ ቤት፥ አንዱ በገጠር ሐኪም ቤት ይጀምራል፤ በመልክ አይመሳሰሉም። ሆኖም በሁለቱም ዘንድ በትውልዱ የተናቀ ሰው አለ፤ በሁለቱም ዘንድ የማይራራ አስተማሪ አለ፤ በሁለቱም ዘንድ በዘር የሚበልጥ ነገር ግን በትዕግሥት የሚያንስ ተወዳዳሪ አለ። ጥያቄያቸውም አንድ ነው፤ ይኸውም «ሰው የተወለደበትን ደረጃ በእጁ ሥራ ሊያልፈው ይችላል ወይ?» የሚል ነው። እትዬ «ሥራ የምትማር ልጅ» ሲሉ ይህንኑ ማለታቸው ነበር። እርሳቸው የድራማውን ዘር ከእኔ ቀድመው ዐውቀዋል።

የዚሁ አዘጋጅ ሌሎች ሥራዎችም ከዚህ ቤት የወጡ ናቸው። ከ2001 እስከ 2002 የታየው «ሳንግዶ» በጂንሰንግ ሥር ንግድ ስለ ከበረው ስለ ኢም ሳንግ-ኦክ ይናገራል። ከ2012 እስከ 2013 የታየው «ማ ኡይ» የፈረስ ሐኪም ሆኖ ጀምሮ የንጉሥ ሐኪም ስለ ሆነው ስለ ቤክ ጓንግ-ህዮን ነው፤ ይህ ሰው የሰውን እባጭ በመርፌ እየከፈተ በማዳን የታወቀ ነበር። «ዴ ጃንግ-ግም»ን ሥራ ስለምትማረው ልጅ ሲል የወደደ ሰው፥ መጀመሪያ «ሆ ጁን»ን፥ ቀጥሎ «ማ ኡይ»ን ቢያይ አይጸጸትም።

፬፤ የደራሲዋ መንገድ

ነገር ግን አንድ ድራማ አባት ብቻ ሳይሆን እናትም አለው። «ዴ ጃንግ-ግም»ን የጻፈችው ኪም ዮንግ-ህዮን ከዚያ በኋላ የሄደችበት መንገድ ከአዘጋጁ መንገድ የተለየ ነው። ፓርክ ሳንግ-ዮን ከተባለው ደራሲ ጋር ሆና በ2009 «ንግሥት ሶንዶክ»ን፥ በ2011 «ሥሩ የጠለቀ ዛፍ»ን፥ ከ2015 እስከ 2016 ደግሞ «የሚበሩ ስድስት ዘንዶዎች»ን ጽፋለች። እነዚህ ሥራዎች ስለ እጅ ሙያ ብዙ አይናገሩም፤ የሚጠይቁት «ሥልጣን ለማን ይገባል? ሕዝብስ በምን ይገዛል?» የሚለውን ነው። በ«ዴ ጃንግ-ግም» ውስጥ በወጥ ቤት እመቤቶች መካከል የነበረው የሥልጣን ትግል፥ በነዚህ ውስጥ አድጎ የመንግሥት ጉዳይ ሆኗል።

«ሥሩ የጠለቀ ዛፍ» ንጉሥ ሴጆንግ በ1443 ፈጥሮ በ1446 ለሕዝብ ስላወጀው የኮሪያ ፊደል ነው። ፊደሉ እውነት ነው፤ ሊቃውንቱ መቃወማቸውም እውነት ነው። ፊደሉ እንዳይወጣ የሚታገለው ምስጢራዊ ማኅበር ግን ፈጠራ ነው። «የሚበሩ ስድስት ዘንዶዎች» ኋላ ቢሠራም የሚተርከው ከዚያ በፊት ስለ ነበረው ዘመን፥ በ1392 ጆሶን ስለ ተመሠረተበት ጊዜ ነው። ከስድስቱ «ዘንዶዎች» ሦስቱ፥ ማለት ዪ ሶንግ-ግዬ፥ ጆንግ ዶ-ጆንና ዪ ባንግ-ዎን በታሪክ የታወቁ ሰዎች ናቸው፤ ሦስቱ ደግሞ ከሕዝብ ወገን ተደርገው የተፈጠሩ ናቸው። ዪ ባንግ-ዎን የተባለው በ1398 ጆንግ ዶ-ጆንን የገደለው፥ ኋላም ቴጆንግ ተብሎ የነገሠው፥ ከፈረስ ወድቆ እንዳይጻፍ ያዘዘው ያ ንጉሥ ነው።

ከዚህ አንድ ትምህርት እናገኛለን። ሁለት ሰዎች «ዴ ጃንግ-ግምን ወደድሁት» ቢሉ ሁለቱን ወደ አንድ ድራማ መላክ አይገባም። የመማሩን ትዕግሥት የወደደ የአዘጋጁን መንገድ ይከተል፤ የሴቶቹን የብልሃት ትግል የወደደ ደግሞ የደራሲዋን መንገድ ተከትሎ ወደ «ንግሥት ሶንዶክ» ይሂድ። ወደዚያ የሚልክ ሰው ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አብሮ መስጠት አለበት። ሶንዶክ ከ632 እስከ 647 በሲላ መንግሥት የነገሠች እውነተኛ ንግሥት ናት፤ በድራማው ውስጥ ከርሷ ይልቅ የገነነችው ሚሲል የተባለችው ሴት ግን የምትገኘው ሊቃውንት እውነተኛነቱን በሚከራከሩበት በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ብቻ ነው።

፭፤ አንድ መዝገብ፥ ሁለት ፍርድ

ሦስተኛ የዝምድና ዓይነት አለ፤ እርሱም አዘጋጁም ደራሲውም ተለያይተው መዝገቡ አንድ ሲሆን ነው። ለምሳሌ ጃንግ ሂ-ቢን የተባለችውን ሴት እንመልከት። ከእቁባትነት እስከ ንግሥትነት ደርሳ፥ በ1694 ከዙፋን ወርዳ፥ በ1701 መርዝ እንድትጠጣ ተፈርዶባት የሞተች ናት። በሊ ብዮንግ-ሁን «ዶንግ ዪ» በ2010 ስትታይ የባለታሪኳ ባላጋራ ናት፤ በ2013 ኤስቢኤስ ባቀረበው «ጃንግ ኦክ-ጆንግ» ግን እርሷ ራሷ ባለታሪክ ሆና፥ በፍቅሯ የተጎዳች ሴት ሆና ትታያለች። ሁለቱን በተከታታይ ያየ ሰው፥ መዝገብ የተጻፈው በአሸናፊዎቹ ዘመን መሆኑንና ፍርድም እንደ ፈራጁ እንደሚለያይ ያለ አስተማሪ ይማራል።

እንዲሁም «ዶንግ ዪ»ንና ከ2007 እስከ 2008 የታየውን «ዪ ሳን»ን ማያያዝ ይቻላል። የ«ዶንግ ዪ» ባለታሪክ፥ በዝቅተኛ አገልጋይነት ወደ ቤተ መንግሥት የገባችው የቼ ወገን ሴት፥ የንጉሥ ዮንግጆ እናት ናት። ዮንግጆ በ1762 የገዛ ልጁን አልጋ ወራሹን ሳዶን በሩዝ ሣጥን ዘግቶ ያስገደለው ንጉሥ ነው። የሳዶ ልጅ ደግሞ ከ1776 እስከ 1800 የነገሠው ጆንግጆ፥ በስሙ ዪ ሳን ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዋ ለሁለተኛው ቅድመ አያቱ ናት። ከ2021 እስከ 2022 የታየው «ቀይ እጅጌ» ስለዚሁ ስለ ጆንግጆና ስለሚወዳት የቤተ መንግሥት አገልጋይ ይናገራል። ይህች ሴት ንጉሡን መጀመሪያ እንቢ ማለቷን ንጉሡ ራሱ በመቃብር ጽሑፏ ላይ ጽፎታል። «ዪ ሳን» ይህን ነገር ከንጉሡ ወገን ሆኖ ሲያይ፥ «ቀይ እጅጌ» ግን «ንጉሥ የወደዳት ሴት ከራሷ ሕይወት ምን ቀረላት?» ብሎ ይጠይቃል። አንዱ ሌላውን አይደግመውም፤ ይመልስለታል።

፮፤ መደምደሚያ

ምናልባት «ድራማ ለመዝናኛ ነው፤ ሰው ደስ ያለውን ቢያይ ምን ቸገረህ?» ይባል ይሆናል። በመዝናኛነቱ አልከራከርም። ነገር ግን 54 ክፍል ወይም 64 ክፍል የሚያይ ሰው ብዙ ሌሊቱን ይሰጣል፤ ከዚህም በላይ ያየውን ያምናል። በኮሪያ እንኳ የልብ ወለዱ አስተማሪ ሬሳውን መስጠቱ እንደ ታሪክ ከታመነ፥ ሩቅ አገር ያለ ተመልካችማ እንዴት ይለየዋል? የሚመርጥለት ሰው ስለዚህ ሁለት ዕዳ አለበት፤ ጊዜውን እንዳያባክንበትና ፈጠራን ለታሪክ እንዳያሸጥበት።

በሌላ በኩል ደግሞ ፈጠራውን ሁሉ ሐሰት ብሎ መናቅ አይገባም። መዝገቡ ጃንግ-ግምን ዐሥር ጊዜ አንሥቶ ዝም ብሏል፤ ዝም ያለውም ባሪያ ስለ ነበረች ነው። ስለ ንጉሥ የፈረስ ውድቀት የጻፈ እጅ የአንዲትን ባሪያ የትውልድ ቦታ ለመጻፍ አልደከመም። ደራሲዋ ያንን ዝምታ በፈጠራ ስትሞላው በመዝገቡ ላይ ዋሽታለች ሳይሆን፥ መዝገቡ የረሳውን ሰው አስታውሳለች ማለት ይቻላል። የእኛ ድርሻ ሁለቱን አለመደባለቅ ነው፤ የተጻፈውን እንደ ተጻፈ፥ የተፈጠረውን እንደ ተፈጠረ አድርጎ መንገር።

ለእትዬ የመለስሁላቸው መልስም ይኸው ነበር። «ነበረች፤ ንጉሡም ሕመሜን የምታውቀው እርሷ ናት ብሏል፤ የወጥ ቤቷ ነገር ግን ፈጠራ ነው» አልኋቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «እንኳን ነበረች» አሉ። ከዚያም «ሆ ጁን»ን አመጣሁላቸው። አስተማሪው ሬሳውን የሰጠበት ክፍል ላይ ሲደርሱ ልጃቸውን ልከው «ይህስ ተጽፏል?» ብለው አስጠየቁኝ። ይህን ጥያቄ ከአንድ ድራማ ተመልካች አፍ መስማት፥ ለታሪክ ተማሪ ትንሽ ደስታ አይደለም።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተሳሳተ ነገር ቢገኝ መምህራንና ባልንጀሮቼ እንዲያርሙኝ፥ የተጓደለውንም እንዲጨምሩበት በትሕትና እለምናለሁ።